ቬነስ ፍላይትራፕ ወይስ ድሮሴራ? ነፍሳት በል ተክል ከመግዛታችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ቬነስ ፍላይትራፕ የገደልኩት በፍቅር ነው። በየጠዋቱ የቧንቧ ውሃ አጠጣሁት። አፈሩ የከሳ መሰለኝና ኮምፖስት የበዛበት ለም አፈር ውስጥ አዛወርኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ «እዩት፣ እዩት» እያልኩ አፉን በጣቴ እየነካካሁ አስዘጋው ነበር። መጀመሪያ የቅጠሎቹ ጫፍ ጠቆረ፣ ከዚያ ወጥመዶቹ። በሁለተኛው ወር ፖቱ ውስጥ የቀረው ቡናማ ጭራሮ ብቻ ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ «ውሃ ብቻ ስጠው፣ ምግቡን ራሱ ይፈልጋል» ብሎኝ ነበር። የትኛውን ውሃ እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓይነት አሳድጌአለሁ፣ ጥቂቶቹንም ቀብሬአለሁ። አሁን ሰው «አንድ ልገዛ ነው፣ የቱን ትመክረኛለህ?» ሲለኝ የምጠይቀው ስለ ቤቱ ነው። መስኮትህ ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ንጹህ ውሃ ከየት ታመጣለህ? ያለህበት ቦታ ብርድ የሚባል ወቅት አለው? ብዙ ሰው ግን ቪዲዮ አይቶ፣ ዝንብ ላይ አፉን ግጥም የሚያደርገውን ወዶ፣ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ እኔ የደረሰብኝ ይደርስበታል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአብዛኛው ጀማሪ የምመርጠው ፍላይትራፕን አይደለም፣ ቅጠሏ ላይ ባለ ሙጫ ነፍሳት የምትይዘውን የኬፕ ድሮሴራን ነው። ምክንያቴን ታች ታገኙታላችሁ። ካልተስማማችሁ ደግሞ ፍላይትራፑን በሕይወት ለማቆየት የሚያስፈልገውም አብሮ ተጽፏል።

መጀመሪያ ውሃው

የቱንም ብትመርጡ ይሄ አይለወጥም። እነዚህ ተክሎች የመጡት በአብዛኛው ከረግረግና ከእርጥብ አሸዋማ መሬት ነው። እዚያ ውሃ ሞልቷል፣ አፈሩ ግን ባዶ ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈሉ። ሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ነፍሳት ያድናል። ሥሩ ታዲያ ማዕድን መሸከም አልለመደም። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ምንም አይልም፣ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ሌላው ጨው ግን ፖቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና ሥሩን ያቃጥለዋል። መጥፎነቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። አንድ ወር ደህና ሆኖ ይከርምና «ኧረ ምንም አልሆነም» ስትሉ ይጀምራችኋል።

የሚሆነው የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ነው። ቲዲኤስ ሜትር የምትባል፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው የምትለካ፣ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ አለች፤ እሷ ከ50 ፒፒኤም በታች ካሳየች ውሃው ይሆናል። ማፍላት አይጠቅምም። ጀርም ይገድላል እንጂ አብዛኛው ጨው እዚያው ነው፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ይወፍራል። የታሸገ የማዕድን ውሃ ስሙ ራሱ ይናገራል። ጆግ ውስጥ የሚገባው የከሰል ማጣሪያም ክሎሪኑን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ማዕድኑን በሚያስተማምን መጠን አያወጣም። ዲስቲልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ ጋር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ደጋግማችሁ አንብቡ። ለባትሪ ከሚሸጡት ውስጥ አሲድ የሆነ አለ፣ ጀሪካኑ ደግሞ ሲያዩት ያው ነው።

አፈሩን በሁለት መስመር ልጨርሰው። ለአብዛኞቹ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ተክል) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ ጠጠር) እኩል ለእኩል። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ከረጢቱን አንብቡ፣ ተራ የአበባ አፈርና ኮምፖስት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ፖቱ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፣ የሸክላው ጨው እየያዘ ያስቸግራል።

ፍላይትራፕና የኬፕ ድሮሴራ ፊት ለፊት

ፍላይትራፕ ዝነኛ መሆኑ ያስገርማል የሚል የለም። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው አንድ አካባቢ ብቻ ነው፣ በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ዳርቻ ላይ። የሰሜን ካሮላይና ገዥ የነበረው አርተር ዶብስ እ.ኤ.አ. በ1760 ገደማ ስለ እሱ በደብዳቤ ሲጽፍ መገረሙን መደበቅ አልቻለም። አሠራሩም የሚያስገርም ነው። ከሁለቱ የወጥመዱ ገጾች በእያንዳንዱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ። አንድ ፀጉር አንድ ጊዜ ቢነካ ምንም አይሆንም። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ከመጣ ግን ወጥመዱ በሰከንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ይዘጋል። ጠብታ ውሃ ወይም የወደቀ ቅጠል እንዳያታልለው ነው እንዲህ የሚቆጥረው። ከተዘጋም በኋላ ቆጠራው ይቀጥላል። ውስጥ ያለው ነፍሳት እየተንፈራገጠ ፀጉሮቹን ደጋግሞ ካልነካ መፍጨት አይጀምርም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ ይከፈታል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጣት ያጠፋችው። አንድ ወጥመድ ዕድሜ ልኩን አይዘጋም። ጥቂት ጊዜ ከተዘጋና ከተከፈተ በኋላ ይደክምና ይጠቁራል። አንዱን ነፍሳት ለመፍጨት ከ5 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል፤ ያ ጉልበት የሚወጣለት ምግብ ሲያገኝ ነው። እኛ በጣት ስናስዘጋው በባዶ ሆድ አሠራነው ማለት ነው። ልጅ ያለበት ቤት ፍላይትራፕ ዕድሜው አጭር ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ልጅ አትንካ ቢሉት አይሰማም፣ አዋቂውም ያው ነው።

ድሮሴራ ስሟ የመጣው ጤዛ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ቅጠሎቿ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቀያይ ፀጉሮች አሉ፣ በያንዳንዱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ የሙጫ ጠብታ። በጠዋት ብርሃን ስታዩዋት ወጥመድ መሆኗን ትረሳላችሁ። ትንኝ ጤዛ መስሏት ትቀመጣለች፣ ትያዛለች፣ በተፈራገጠች ቁጥር ሌላ ጠብታ ይነካታል። አጠገብ ያሉት ፀጉሮች ወደሷ ይጎነበሳሉ። የኬፕ ድሮሴራ ከሆነች ደግሞ ቅጠሉ ራሱ በሰዓታት ውስጥ በትንኟ ላይ ይጠቀለላል፣ እንደ ምንጣፍ። ፍላይትራፑ በዓይን ቅጽበት የሚጨርሰውን ይህቺ ከቁርስ እስከ ምሳ ታደርገዋለች። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥ ያስደነግጣል፣ ተቀምጣችሁ ማየት ትችላላችሁና።

ቻርልስ ዳርዊንም ከእኔ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ፍላይትራፕን እጅግ አድንቆታል፣ ግማሽ የሚበልጠውን ገጽ የሰጠው ግን ለድሮሴራ ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ1860፣ ለወዳጁ ለቻርልስ ላየል በጻፈው ደብዳቤ በዚያን ሰዓት ከዓለም ዝርያዎች ሁሉ አመጣጥ ይልቅ የድሮሴራ ነገር እንደሚያሳስበው ተናግሯል። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ያን ሁሉ ክርክር ያስነሳ ሰው እንዲህ ካለ እኛ ምን እንላለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሁለቱ ልዩነት የሚወጣው ብርሃን ላይና ብርድ ላይ ነው።

ፍላይትራፕ በቀን ወደ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ብሩህ ክፍል ማለቴ አይደለም፣ ቅጠሉ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ነው። ካላገኘ ቅጠሎቹ ይረዝማሉ፣ ይልፈሰፈሳሉ፣ የወጥመዱ ውስጥ ቀይ መሆኑ ይቀርና አረንጓዴ ይሆናል፣ መዝጋቱም ይዘገያል። ድሮሴራም ፀሐይ ትወዳለች፣ ግን ትታገሣለች። ጠዋት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘች ሙጫዋን ታወጣለች። ሲያንሳት ቀይነቷ ይጠፋል፣ ጤዛዋ ይቀንሳል፣ ሞት ግን ሩቅ ነው። መስኮት የሌለው ሰው በሁለቱም ላይ ነጭ የኤልኢዲ መብራት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ቢያበራ ይሠራል።

ከዚያ እንቅልፉ አለ። ፍላይትራፕ ባደገበት አገር ቀዝቃዛ ወቅት አለ፣ ያንን ወቅት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ግን በረዶ ሳይሆን፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መቆየት አለበት። ያኔ አዲስ ቅጠል ማውጣት ያቆማል፣ አሮጌዎቹ ይጠቁራሉ፣ የሞተ ይመስላል። ስንት ሰው በዚህ ሰዓት አውጥቶ ጥሎታል! እንቅልፉን ካላገኘ ደግሞ አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ይገፋል፣ ከዚያ በየጊዜው እያነሰ ይሄድና ያልቃል። ዓመቱን ሙሉ ሞቃት የሆነ ቦታ የሚኖር ሰው ያለው መፍትሔ ማቀዝቀዣ ነው። ከፖቱ ይነቀላል፣ የጠቆረው ይቆረጣል፣ ሥሩ እርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል) ይጠቀለልበታል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር ይቀመጣል። ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ ነው። እየከፈታችሁ ሻጋታ እንዳልያዘው ታያላችሁ። ይሠራል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ግን ሥራ ነው። ቤተሰቡ ከቲማቲሙ ጎን የተጠቀለለ ሥር ሲያገኝ የሚለውን ሁሉ መስማትም አለ።

የኬፕ ድሮሴራ እንቅልፍ አታውቅም። የትውልድ አገሯ የደቡብ አፍሪካ ኬፕ ነው፣ በተራ የቤት ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ታድጋለች። ፖቷን ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ ያለበት ዝርግ ሳህን ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ሳህኑ ሲጎድል ትሞላላችሁ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ረስቼ ላይዋ በሙሉ ደረቀ። ተስፋ ቆርጬ ውሃ ጨምሬ ተውኳት፣ ከሥሯ አዲስ ቅጠል አወጣች። ፍላይትራፕ እንዲህ ዓይነት ይቅርታ ብዙ አያውቅም።

የእሷ ጥፋት መብዛቷ ነው። አንዱ የአበባ ዘንግ ዱቄት የመሰለ ዘር በብዛት ያራግፋል፣ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤት ፖት ውስጥ ሁሉ ትናንሽ ድሮሴራ ታያላችሁ። ካልፈለጋችሁ ዘሩ ሳይበስል ዘንጉን ቁረጡት። የፍላይትራፕን አበባ ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው የምንቆርጠው። አበባው ጉልበቱን ይበላበታል፣ ዘንጉ አምስት ሴንቲሜትር ሲሆን ቢቆረጥ ይሻላል። ዘር ለመዝራት ለጓጓ ሰውም፣ የፍላይትራፕ ዘር አድጎ ትልቅ እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። የኬፕ ድሮሴራ ግን በዓመት ገደማ ውስጥ ሙጫዋን አውጥታ ታድናለች።

መስኮታቸው ብዙ ፀሐይ ለማያገኝ፦ የሜክሲኮ ፒንጉዊኩላ

ይህቺን ሰው አያውቃትም፣ ሲያዩዋትም ነፍሳት በል አትመስልም። እንደ ጽጌረዳ የተደረደሩ ወፍራም ቅጠሎች፣ ከላያቸው ቅባት የተቀባ የሚመስል ስስ ሙጫ። ከእርጥብ አፈር የሚወጡትን ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ሌላ አበባ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በነሱ ተማሯል። ፒንጉዊኩላ ለነሱ ነው የተፈጠረችው። ቅጠሏ በሳምንት ውስጥ በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላል። ዝንብ ግን አትይዝም፣ አቅሟ አይደለም።

ቀጥተኛ ፀሐይ ብዙ አትጠይቅም፣ የጠዋት ፀሐይና ቀኑን ሙሉ ብሩህ የሆነ መስኮት ይበቃታል። የአየር እርጥበቱ ዝቅ ያለ ተራ ቤትም አይከብዳትም። በውሃም ቢሆን ከሌሎቹ ትንሽ ትታገሣለች፤ ከዘመዶቿ አንዳንዶቹ በዱር የሚበቅሉት የኖራና የጂፕሰም ድንጋይ ላይ ነው። ይሄ ማለት ግን የቧንቧ ውሃ አጠጧት ማለቴ አይደለም። አፈሯም ከሌሎቹ ይለያል፣ ፐርላይትና ቨርሚኩላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ማዕድን) ይበዛበታል፣ ፒት ሞሱ ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ታደናግራለች። በዓመት ሁለት ልብስ አላት። በእርጥቡ ወቅት ሰፋፊ፣ ሙጫ ያላቸው ቅጠሎች ታወጣለች። በደረቁ ወቅት እነዚያን ትታ ትናንሽ፣ ወፍራም፣ ሙጫ የሌላቸው ቅጠሎችን ታጠባብቃለች። ያኔ ውሃው ይቀነሳል፣ አፈሩ እርጥበት እንዳይጠፋው ብቻ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ታመመች» ብሎ በውሃ ያበሰብሳታል። እኔም አንዷን እንዲሁ አድርጌአለሁ። የምትባዛው ከነዚያ ወፍራም ቅጠሎች አንዱን ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ እርጥብ ሞስ ላይ ስታስቀምጡ ነው፣ ከሥሩ አዲስ ተክል ይወጣል። ከአንዷ አሥር ማድረግ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ስትገዙ «የሜክሲኮ» መሆኗን ጠይቁ። ከቀዝቃዛ አገር የመጡ ፒንጉዊኩላዎችም አሉ፣ እነሱ እንደ ፍላይትራፕ የብርድ እንቅልፍ ስለሚፈልጉ ሌላ ታሪክ ናቸው።

ኔፔንተስ፦ የሚያምረው፣ የሚያስቸግረው

ከቅጠሉ ጫፍ ላይ ገንቦ የሚያንጠለጥለው ነው። ገንቦው ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ነፍሳቱ በአንሸራታቹ አፍ ላይ ይንሸራተትና እዚያ ይሰምጣል። በዱር ካሉት ትልቁ የቦርኒዮው ኔፔንተስ ራጃ ገንቦው ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። እንዲያውም እዚያው ቦርኒዮ ያሉ አንዳንድ ዝርያዎች በነፍሳት ብቻ ሳይወሰኑ አይጥ መሰል እንስሳ ክዳኑን እየላሰች ገንቦው ውስጥ እንድትጸዳዳ ያደርጋሉ። ከዚያም ናይትሮጅን ያገኛሉ። ሽንት ቤት ሆነው መኖር የመረጡ ተክሎች ናቸው።

ለቤት የሚሆነው እንደነዚህ ያለው አይደለም። ኔፔንተስ ቬንትራታ የሚባል ድቅል አለ፣ ከሁሉ የሚታገሠው እሱ ነው፤ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጠው ኔፔንተስም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሌሎቹን ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ከቆላ ነው ወይስ ከደጋ? የቆላው ሌሊቱንም ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያኮርፋል። የደጋው ደግሞ ሌሊት ቀዝቀዝ ካላለለት አያድግም። ደጋና ቆላ ማለት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ ከሌሎቹ የተማራችሁትን እርሱት። ኔፔንተስ ሳህን ላይ ውሃ ውስጥ አይቀመጥም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ከላይ ይጠጣል፣ ውሃው ከታች ይወርዳል። አፈሩ ልቅ መሆን አለበት፣ ረጅሙ ስፋግነም ሞስ ከፐርላይትና ከኦርኪድ ቅርፊት ጋር። ብርሃኑ ብሩህ ሆኖ የቀትር ፀሐይ የማያቃጥለው። የአየር እርጥበት ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ቢሆን ነው የሚሻለው። ደረቅ ቤት ውስጥ ተክሉ አይሞትም፣ ቅጠል ያወጣል፣ ገንቦ ግን አያወጣም። ያለ ገንቦ ኔፔንተስ ማለት ሰፊ ቅጠል ያለው ሐረግ ማለት ነው። ሲያድግም ሜትሮች የሚረዝም ሐረግ ይሆናል፣ «ትንሽ ተክል» ብላችሁ ከገዛችሁት ይሄንን እወቁ።

ገንቦው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አታፍስሱት። በመንገድ ከፈሰሰ ጥቂት ንጹህ ውሃ አድርጉበት፣ ይበቃዋል።

ሁለቱ የቀሩት

ሳራሴኒያ ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ነው። ዝንብ የሚጨርስ ተክል ከፈለጋችሁ በእውነት እሱ ነው፤ አንዱ ቱቦ በዓመቱ መጨረሻ ሲሰነጠቅ ውስጡ የዝንብና የተርብ ሬሳ ሞልቶት ታገኛላችሁ። ግን ሙሉ ቀን ፀሐይ፣ ከቤት ውጭ፣ እንደ ፍላይትራፕም የብርድ እንቅልፍ። ረጃጅሞቹ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። አጭሩ ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ ለፖት ይመቻል። ፀሐያማ በረንዳና ቀዝቃዛ ወቅት ያለው ሰው ከፍላይትራፕ ይልቅ ይሄን ቢይዝ አይቆጭም። የቤት ውስጥ መስኮት ብቻ ያለው ይለፈው።

ዩትሪኩላሪያ ሳንደርሶኒ ደግሞ ተቃራኒው። ሣር የመሰለች፣ ከላይዋ ጥንቸል የሚመስሉ ነጫጭ አበባዎች። ወጥመዷ ከአፈር በታች ነው፣ በዓይን የማይታይ ፊኛ፣ በሰከንድ ሺኛ ክፍሎች በሚቆጠር ጊዜ ምርኮዋን ትመጥጣለች። ከፍላይትራፕ በጣም ትፈጥናለች፣ ግን ማንም አያይላችሁም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ነፍሳት ይበላል» ብትሉ ይስቅባችኋል። እንክብካቤዋ ከድሮሴራ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ማኖር ትችላላችሁ።

ስለ ማብላት

ይሄኛው ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነው። ምግባቸውን የሚሠሩት እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ነው። ነፍሳቱ ማዳበሪያቸው ነው። ብርሃን ያነሰውን ፍላይትራፕ በዝንብ ማዳን አይቻልም። ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላል ከሰጣችሁት ወጥመዱ ይበሰብሳል፣ ይሸታልም።

በማብላት ረገድም ድሮሴራና ፒንጉዊኩላ ይቀላሉ። ለዓሣ የሚሸጠውን የደረቀ ትል በጠብታ ውሃ አርሶ ቅጠሉ ላይ በጥቂቱ ጣል ማድረግ በቂ ነው፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ። ፍላይትራፕ ግን የሞተ ነገር ስትሰጡት አይንቀሳቀስለትም፣ ስለዚህ መቁጠር አይችልም። ወጥመዱ ከተዘጋ በኋላ በሁለት ጣት ቀስ እያላችሁ ለግማሽ ደቂቃ ማሸት አለባችሁ፣ በሕይወት ያለ እንዲመስለው። ነፍሳቱም ከወጥመዱ ርዝመት ሲሶ ባይበልጥ ይሻላል፣ ካልሆነ አፉ ሳይገጥም ይቀርና ይሻግታል። መስኮት የምትከፍቱ ከሆነ ግን ሁሉንም ተዉት፣ ራሳቸው ያድናሉ።

ታዲያ የቱን?

ፀሐያማ መስኮት ካላችሁና አካባቢያችሁ ሞቃት ከሆነ የኬፕ ድሮሴራ፣ ሳታመነቱ። መስኮቱ ብሩህ ሆኖ ፀሐዩ ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ሌሎች አበቦቻችሁ በትንኝ ተወርረው ከሆነ ፒንጉዊኩላ። ቤታችሁ ሞቃትና እርጥብ ሆኖ የምትሰቅሉበት ቦታ ካላችሁ ኔፔንተስ ቬንትራታ። ንጹህ ውሃ በቋሚነት ማግኘት የማትችሉ ከሆነ አንዱንም አትግዙ፣ ካክተስ ግዙ። ይሄን የምለው በቁም ነገር ነው።

ፍላይትራፕ የሚሆነው ቀዝቃዛ ወቅት ያለበት ቦታ ለሚኖር፣ ወይም ፍሪጁን ለማካፈል ለተስማማ፣ ከሁሉም በላይ ጣቱን መሰብሰብ ለሚችል ሰው ነው። ለልጅ ልትሰጡት ካሰባችሁ ሁለት ፖት ግዙ፣ አንዱ ለመንካት፣ አንዱ ለመኖር። ድመትና ውሻ ያለበት ቤት አትጨነቁ፣ ፍላይትራፕ ለነሱ መርዝ አይደለም፤ ድመቷ ነች ለእሱ አደጋ።

ስትገዙ ከመሃሉ አዲስ ቅጠል እየወጣ መሆኑን እዩ። ዳር ያሉት አንድ ሁለት ወጥመዶች ቢጠቁሩ ችግር የለም፣ አሮጌ ቅጠል ይሞታል፣ መሃሉ ከጠቆረ ግን ተዉት። በመስታወት ማሰሮ ታፍኖ የሚሸጥ ፍላይትራፕም አትግዙ፣ ከገዛችሁም ክዳኑን ክፈቱና አውጡት፤ ሙቀትና ሻጋታ ይጨርሱታል። ከዱር የተነቀለ እንዳይሆንም ጠይቁ። በሰሜን ካሮላይና ከዱር ፍላይትራፕ መስረቅ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው፣ በችግኝ ጣቢያ የተባዛው ደግሞ በሽ በሽ ነው።

ቤት ሲገባ ወዲያው ጠራራ ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስለምዱት። ድሮሴራዋ በመንገድ ጤዛዋን አራግፋ ትመጣለች፣ ደርቃ ትታያችኋለች። ውሃ አትርጩባት፣ የቀረውን ሙጫ ታጥባላችሁ። ሳህኗን ሞልታችሁ መስኮቱ ላይ ተዉዋት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠብታዎቹ ይመለሳሉ።